ለአንድ ሜትር ኮምቦልቻ ድረስ

ቅዳሜ ንጋት፣ አስራ ሁለት ሰዓት፤ ደሴ፣ ሆጤ

ከቤቴ የወጣሁት ቀንቼ ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም። የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ስለ ጎህ መቅደድና ስለ ጦሳ ተራራ ጭጋግ ቢጀምር ያምርበት ነበር። ጭጋጉም አለ፣ ብርዱም አለ፤ እኔ ግን የማስበው ስለ ሙሄ መንገድ ነው።

ሙሄ አብሮ አደጌ ነው። እዚሁ ሆጤ አብረን አድገን እሱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባ፣ እኔ ደሴ ቀረሁ። ሐሙስ ደወለና «ጌቾ፣ የሰፈራችን ኮብልስቶን አለቀ። ቅዳሜ ይመረቃል፤ መጥተህ እይ እንጂ» አለኝ። «እይ» ያለበት አነጋገር ሁለት ቀን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ነው።

የኛ መንገድ ከአስፋልቱ እስከ በሬ ጭቃ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ድንጋይ ሊያነጥፍልን ከተስማማ ቆይቷል። መሐንዲስ መጥቶ ለካ፤ መንገዱ የሚጠብበት ቦታ ላይ ሁለት አጥር በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎ ሄደ። አንዱ የኔ ነው፣ አንዱ ፊት ለፊቴ ያለው የጋሽ እንድሪስ። እያንዳንዳችን አንድ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለብን። እኔ «እሳቸው ይጀምሩ» አልኩ፤ ጋሽ እንድሪስ «እሱ ይጀምር» አሉ። በዚሁ ሰላምታም ተቋረጠ፣ ቀለሙም ዝናብ መትቶት ደበዘዘ። በዚህ ሳምንት ቀበሌው ቁርጡን ነገረን፤ አጥሮቹ እስከ ሰኞ ካልተነሱ ድንጋዩ ለሌላ ሰፈር ይሰጣል።

አምና ክረምት እናቴ በጠና ስትታመም አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ቀረ። በሁለቱ አጥር መሃል ባጃጅም አያልፍም። ጎረቤት ተሰብስቦ የቅሬውን ቃሬዛ አመጣ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ይቀባበርበታል። ቃሬዛው ሬሳ የሚወጣበት ነው። እናቴ ድና ተመለሰች፣ ያንን ግን አልረሳችውም። «በቁሜ በሬሳ ቃሬዛ ወጣሁ» ትላለች፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አብዝታ ትላለች።

ዛሬም ስወጣ ከአልጋዋ ሆና «ወዴት ነው በጠዋቱ?» አለችኝ።

«ኮምቦልቻ፣ እማዬ። ሙሄ ሰፈር መንገድ ይመረቃል።»

«የሰው መንገድ ልታይ ነው?» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

አንድ ሰዓት ተኩል፤ ሀረጎ

ሚኒባሱ ከታሪፍ በላይ አስከፍሎ፣ በአንድ ወንበር አንድ ሰው ጨምሮ ተነሳ። እግሬ ስር ከደሴ ዙሪያ የመጣ የካሮት ጆንያ አለ፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው። ሹፌሩ በየኩርባው ጥሩምባ እየነፋ ይወርዳል። ከኮምቦልቻ ማዶ የደጋን ከተማ ሰው ነው፣ ወሬ ይወዳል።

«የደሴ ሰው ነህ?» አለኝ።

«ነኝ።»

«እናንተማ ገደል ላይ ተሰቅላችሁ መንገድ መንገድ ትላላችሁ። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ ድንጋዩ ሲነጠፍበት አርፎ ይተኛል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጣላው ነበር፤ ዛሬ ግን ደስ አለኝ። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ነው! ደብተሬን አውጥቼ «ሜዳ» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት። ሙሄ ሲኮራ የምመልሰው መልስ አገኘሁ።

ሁለት ሰዓት፤ ኮምቦልቻ

ሙቀቱ ከመኪናው ሳልወርድ ጃኬቴን አስወለቀኝ። ከሌሊት ሥራ የወጡ የፋብሪካ ሴቶች ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በየቁርስ ቤቱ በር ላይ ሻይ ይዘው ቆመዋል። ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጁ አስፋልቱን ለቆ ወደ ሰፈር ሲታጠፍ ከልማዴ የተነሳ ልወርድ ስል ሹፌሩ ሳቀብኝ። «በር ድረስ ነው» አለ። በር ድረስ!

ያየሁትን ልናገር። መንገዱ ሁለት ባጃጅ ጎን ለጎን ያሳልፋል። በግራ በኩል ቦይ አለ፤ ቦዩም ክዳን አለው። መብራቱ በፀሐይ የሚሠራ ነው። ከሁሉ የባሰብኝ አጥሩ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በገመድ የተለካ ይመስላል።

አንድ የተጣመመ ድንጋይ ባገኝ ብዬ ቁጢጥ አልኩ። ሙሄ ከኋላዬ መጣ።

«ምን ጠፋብህ?»

«ጫማዬን ላስር ብዬ ነው።»

ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ሙሄ ጫማዬን አየና ፈገግ ብሎ፣ ክንዴን ይዞ ወደ ምረቃው መራኝ። ፈገግታው አናደደኝ።

ምረቃው እንደ ምረቃ ነው። ድንኳን፣ ማይክ፣ ሪባን፣ ከታሰበው በላይ የረዘመ ንግግር። ለስላሳ ሲታደል ሙሄን «ሜዳ ስለሆነ ቀለላችሁ» አልኩት።

«ሜዳውማ ድሮም ሜዳ ነበር» አለ። «ያዘገየን አጥር ነው። እትዬ ፋጡማን ጠይቃት።»

ወይዘሮ ፋጡማ ፊት ለፊቱ የምትኖር ጎረቤቱ ናት፤ ትልቅ ሴት ናት፣ የቅሬውም ሰብሳቢ ናት። አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«አቦ፣ እኛስ ከናንተ በምን እንሻላለን?» አለች። «አንተ ጀምር፣ አንቺ ጀምሪ ስንባባል ዓመቱ አለቀ። ኋላ ቅሬው ተቀመጠና ማንም የራሱን አጥር እንዳይነካ ተባለ።»

«እንዳይነካ? ታዲያ ማን ያንሳው?»

«የፊት ለፊት ጎረቤቱ ነዋ። ነቅሎም መልሶ ይተክለዋል። የኔን ሙሄ ነቀለ፣ የሱን እኔና ባለቤቴ። ሰው የራሱን ሲነቅል እጁ ይከብደዋል፤ ስንዝር ትሁን ብሎ ያስቀራል። የሰው ሲሆን ያፍራል፣ አሳምሮ ይተክላል። ምሳው የባለ አጥሩ ነው። በልተህለት ታዲያ አጣመህ አትተክልበትም!»

ሙሄ እየሳቀ «ፍየል ነው ያበላችኝ» አለ።

እኔ አልሳቅኩም። ድንጋዩንና መብራቱን ማዘጋጃ ቤት ነው ያመጣላቸው ብዬ ልጽናና እችላለሁ። ይሄንን መላ ግን ማንም አላመጣላቸውም። እኛም ቅሬ አለን፤ ያውም ቃሬዛው እናቴን የተሸከመ ቅሬ። በዚህ የቀናሁትን ያህል በሌላው ሁሉ አልቀናሁም።

ሙሄ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። ስንሰነባበት «ጋሽ እንድሪስ ደህና ናቸው?» አለኝ። ልጆች ሳለን ብስክሌታቸውን በተራ ያስነዱን ነበር።

«አንነጋገርም» አልኩት።

«በምን ምክንያት?»

«በአጥሩ።»

«በአንድ ሜትር?» አለ። ደብተሬ ውስጥ ያለው መልስ «ሜዳ» የሚል ብቻ ነው።

አስር ሰዓት፤ ሆጤ

ከኮምቦልቻ ሁለት ፓፓያ በፌስታል ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። ቤት እንደደረስኩ ዲጅኖዬን አነሳሁና የጋሽ እንድሪስን በር አንኳኳሁ። ራሳቸው ከፈቱ። ከሶላት መነሳታቸው ነው፣ እጅጌያቸው እንደተጠቀለለ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ እንድሪስ።»

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ፤ ዓይናቸው ዲጅኖው ላይ ነው። «ምነው፣ ልትመታኝ መጣህ?»

«አጥሬን እንዲነቅሉልኝ ነው።»

«አንተ እጅ የለህም?»

የኮምቦልቻውን ነገርኳቸው። የኔን እርስዎ፣ የርስዎን እኔ አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና የፈራሁትን ጠየቁ።

«ማን ይቀድማል?»

ምላሴ «የርስዎ» ለማለት ተዘጋጅታ ነበር፤ ዓመት ሙሉ የለመደችው እሱን ነው። ከቤት የእናቴ ሳል ተሰማ።

«የኔ ይቅደም» አልኩ።

ጋሽ እንድሪስ በሩን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ። «እናትህን በቃሬዛ ስናወጣት ከፊት የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አሉ። «አጥሬ ትከሻዬን ፋቀኝ፤ የገዛ አጥሬ። በማግስቱ ዲጅኖ ይዤ ወጣሁ። ወላሂ፣ የራሴን ልነቅል እጄ እምቢ አለኝ።»

ዲጅኖውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ቆርቆሮውን አውርደው፣ ምሰሶውን ነቅለው፣ በገመድ ለክተው አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ተከሉት። አንድም ስንዝር አልበሉብኝም፣ አንድም አላስቀሩልኝም። ምሳ አላዘጋጀሁም ነበርና ፓፓያውን ከሁለት ከፍዬ ቁመን በላን። «ኮምቦልቻዎች ፍየል ነው ያበሉት» አልኳቸው። «አብሽር፣ ፍየሉ ዕዳህ ነው» አሉኝ።

እሑድ ረፋድ፤ እዚያው

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ የሳቸውን ነቀልኩ። ቆርቆሮው ሲወርድ ዓመት ሙሉ ያላየሁት ግቢያቸው ታየኝ። የኮክ ዛፋቸው ፍሬ ይዟል፣ ጎመናቸው የኔን እጥፍ ነው። እዚያም ቀናሁ። ምሰሶውን ግን ሁለት ጊዜ እየለካሁ ቀጥ አድርጌ ተከልኩት፤ የሳቸው አተካከል አሳፍሮኛል።

ጎረቤት አንድ ሁለት እያለ ወጣ። የቅሬያችን ሰብሳቢም መጥተው አዩና፣ ነገ ጠዋት ቀበሌ ሄደው መንገዱ መከፈቱን እንደሚናገሩ ቃል ገቡ። ድንጋዩ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። መሬቱ ዛሬም ጭቃ ነው፣ ያውም እንደ ኮምቦልቻው ሜዳ ሳይሆን ዳገት።

እናቴ ከዘራዋን ይዛ እስከ መንገዱ መሃል መጣች። በአንድ እጇ ጋሽ እንድሪስን ይዛ፣ ከዘራውን ወደ ጎን ዘረጋችው። አጥሬን አልነካም። ዞራ ወደሳቸው በኩል ዘረጋችው። የሳቸውንም አልነካም።

«ባጃጅ ይገባል?» አለችኝ።

«ይገባል፣ እማዬ።»

«እስቲ ጥራልኝ።»

«አሁን? ወዴት ልትሄጂ?»

«የትም» አለች። «እስከ አስፋልቱ ተቀምጬ ልሂድና ልመለስ።»