እትዬ ስንዱ ኃላፊያችንን ያዘመቱ ዕለት

«እማዬ አረፈች» ብላ የእትዬ ስንዱ ልጅ ስትደውልልኝ የተሳሳተ ቁጥር የደወለች መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት እኮ ልደታ ኮንዶሚኒየም በራፍ ላይ ከሳህ ብለው ሲቆጡኝ ነበር። እንዲያ የሚቆጣ ሰው እንዴት ይሞታል?

የሀዘን ማስታወቂያው «የቀድሞ ታይፒስት» ይላል። አልቀበልም። እትዬ ስንዱ ፕሮግራመር ነበሩ፤ ያውም በደርግ መጨረሻ፣ ብዙዎቻችን ማውስ አይተን በማናውቅበት ጊዜ።

ልደታ ማርያም አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት አብረን እንሠራ ነበር። ወደ ግንባር የሚዘምቱ ሠራተኞች ዝርዝር በኮምፒውተር ይሠራ ተባለና ፕሮግራሙን እሳቸው ጻፉት።

ስክሪኑ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሳጥኑ በማውስ ሲነካ ሰውየው ይዘምታል። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ «ይቅር» የምትል፣ በማውስ የምትነካ ትንሽ ቁልፍ፣ በተን አለች፤ ለታመመና ለእናቱ አንድ ለሆነ። እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ፤ «ይቅር» ተነካችልኝ። ዝርዝሩ ታትሞ ሲወጣ ግን ስሜ አለ።

እትዬ ስንዱ ቁጭ ብለው ችግሩን አገኙት። ትንሿ በተን ሥራዋን ትጨርስና ያንኑ ንክኪ ለትልቁ ሳጥን ታሳልፋለች። ሳጥኑም የተነካ መስሎት ያስቀረችውን ሰው መልሶ ያዘምታል።

«የተነካው ይመልስ፣ ሌላው አፉን ይዝጋ» አሉ። ስብሰባ ላይም «የተጠየቀው ይመልስ፣ ሌላው አፉን ይዝጋ» ይሉ ነበር።

ኃላፊያችን ግን «ጓድ ስንዱ፣ ዝርዝሩ አልቋል። ኮምፒውተር አይሳሳትም» አላቸው።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። በዚያ ዘመን ይህን ማለት በአሻጥር ያስከስሳል።

አልሰማ ሲላቸው የራሱን ስም አስገቡና ማውሱን አቀበሉት። «እስቲ ራስዎን ያስቀሩ።» «ይቅር»ን ነካ። ታትሞ ሲወጣ ስሙ ከዘማቾቹ መሀል ቁጭ ብሏል።

«ይፈርሙበታ» አሉት።

ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። «እስከ ከሰዓት አስተካክዪው» ብሎ ወጣ።

አስተካከሉት። ትንሿ በተን ከመለሰች ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ ወደ ሳጥኑ አያልፍም። እኔም፣ እንደኔ «ይቅር» የተነካችላቸው ሦስት ባልደረቦቼም ቀረን። እሳቸውን ግን ከኮምፒውተሩ አንስተው ታይፕ ክፍል ወረወሯቸው። ታይፒስት የሆኑት እንዲህ ነው። አንድም ቀን ተጸጽተው አላየሁም።

እትዬ፣ ማስታወቂያውን አስቀይሬዋለሁ፣ አያስቡ። ይህ ትከሻዬ ጠብመንጃ ሳይሸከም የቀረው በእርስዎ ነው። ነገ እርስዎን ይሸከማል። ደህና ይሁኑ።