አሥራ አንዱ የይመር ዜማዎች

ኪቦርድ መጫወት የጀመርሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ አንድም ኖታ ሳላውቅ ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ የኪነት ቡድናችን በሚለማመድበት አዳራሽ፣ ወንድሜ ይመር ሰባት ዓመት ከሠራበት ኪቦርድ ፊት ተቀመጥሁ። ይመር ረጅም ስለ ነበር ማቆሚያውን ከፍ አድርጎ ነው ያሰረው። እኔ ስቀመጥ ቁልፎቹ ደረቴ ጋ ደረሱ። ዝቅ ላደርገው ብሎኑን ያዝሁና ተውሁት። በማግሥቱ ግን ፈትቼ ዝቅ አደረግሁት። እጅ ተሰቅሎ አይሠራም።

ይመር ከሞተ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። አራት ቀን ታመመ። በአምስተኛው ቀን ወደ ደሴ ልንወስደው መኪና ስንጠብቅ አረፈ። አላህ ይዘንለት። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

እስከዚያ ድረስ የምሠራው ወፍጮ ቤት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ለይመር ኪቦርዱን እሸከምለታለሁ፣ ገመዱን እሰካለታለሁ፣ ሲጨርስ በብርድ ልብስ እጠቀልልለታለሁ። ከሙዚቃ ጋር የነበረኝ ዝምድና ይህ ብቻ ነው። ኪቦርዱን ከጂዳ የላከችው እህታችን ጦይባ ናት።

ከአርባው በኋላ የቡድኑ መሪ ጋሽ ሙላት ቤታችን መጡ። ተቀመጡና ነገሩን አወጡት።

«ሰይድ፣ ደሴ አንድ ተጫዋች አለ። የራሱን ኪቦርድና የራሱን ዘፈኖች ይዞ ልምጣ ይላል። ያለ ኪቦርድ ሁለት ጊዜ መድረክ ወጥተን አፍረናል።»

«የይመር ዘፈኖችስ?»

«ሁለቱን ዘሐራ ትዘፍናቸዋለች። የቀሩት ደብተሩ ላይ ናቸው። እሱን ደግሞ ማን ያነበዋል?»

ደብተሩ እኔ ጋ ነበር። ይመር በእጁ አምስት አምስት መስመር እያሰመረ አሥራ አንድ ዜማ ጽፎበታል። ከቡድኑ ውስጥ ኖታ የሚያነብ እሱ ብቻ ነበር። ዘጠኙን ዜማ ከራሱ ከይመር በቀር ማንም ሰምቷቸው አያውቅም። የደሴው ሰው ከመጣ ደግሞ ማንም አይሰማቸውም።

«እኔ አነበዋለሁ» አልሁ።

ጋሽ ሙላት ሳቁ። «አንተ የምታውቀው የዱቄት ልመትና ሽርክት ነው።»

«እስከ ሚያዝያ ይታገሡኝ።»

ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «በሚያዝያ ከላላ እንሄዳለን። እዚያ መድረክ ላይ ከዚህ ደብተር አንድ ያልተሰማ ዘፈን ካሰማኸኝ ሥራው ያንተ ነው። ካልሆነ የደሴውን አመጣለሁ። እንዳትቀየመኝ።»

ይመርን ኖታ ያስተማሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው። በጦር ሠራዊቱ የማርሽ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ይነፉ ነበር። መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን ያለ ክላርኔት አገራቸው ገቡና ልብስ ሰፊ ሆኑ። ሱቃቸው ሄጄ ጉዳዬን ስነግራቸው እጄን ዘርጋ አሉኝ። ገልብጠው አዩት።

«ይመር ስድስት ወር ፈጀብኝ። ያውም ጣቱ ጣት ነበር። ይህ የአካፋ እጀታ ነው።»

«ሦስት ወር ነው ያለኝ ጋሼ።»

«እንግዲያው አብሽር፤ ቁጭ በል።»

በልብስ ጠመኔ የመቁረጫ ጠረጴዛቸው ላይ አምስት መስመር ሳቡ። የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት መስመርና ክፍተት መለየት ብቻ ነበር። የታችኛዋ መስመር ሚ፣ ከእሷ በላይ ያለው ክፍተት ፋ፣ ሁለተኛዋ መስመር ሶል፤ እንዲህ እያልሁ ወደ ላይ እወጣለሁ። እሳቸው ሱሪ እየሰፉ ይጠይቁኛል፤ እኔ እመልሳለሁ። ስሳሳት ቀና ሳይሉ «እህ?» ይላሉ። ያን ጊዜ እንደገና እቆጥራለሁ።

ምቱን ያስተማሩኝ በስፌት መኪናው ነው። ፔዳሉን በእግራቸው እኩል እኩል ይረግጣሉ፤ እኔ በጭብጨባ ሙሉ ኖታ፣ ግማሽ ኖታ፣ ሩብ ኖታ እቆጥራለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ትምህርቱ ይቋረጣል። አንድ ቀን ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ሴትዮ ጭብጨባዬን አይታ «ምን አግኝቶት ነው?» ብላ ጠየቀች። «ዘግይቶ ነው ትምህርት ቤት የገባው» አሏት።

ከሱቁ ስወጣ አዳራሹ ሄጄ የተማርሁትን ኪቦርዱ ላይ እሞክራለሁ። ቁልፎቹ ስለሚምታቱብኝ የቁስል ፕላስተር በትናንሹ ቆርጬ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልሁ ጻፍሁና ነጮቹ ላይ ለጠፍሁ። ጋሽ ታደሰ ይህን ሲሰሙ አልወደዱትም።

«አንሣው። ዓይንህ ወረቀቱ ላይ፣ ጣትህ ቁልፉ ላይ ነው መሆን ያለበት። አንተ ግን ፕላስተር ታነባለህ።»

እሺ አልሁ፤ አላነሣሁትም።

አንድ ሌላ ነገርም ነበረ። ይመር ኪቦርዱን ሲከፍት ሁልጊዜ «ቢስሚላህ» ይልና በግራ በኩል ያለውን የአንድ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። እኔም እንደ እሱ ቢስሚላህ ብዬ እጫናለሁ። ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። የይመር ልማድ ስለ ሆነ ብቻ ነው የያዝሁት። አንድ ቀን ግን ላጣራ ብዬ ከኪቦርዱ ጋር የመጣውን መመሪያ አወጣሁ። በዐረብኛ ነው የተጻፈው። አባታችን ቁርአን ያስቀራሉ፤ ወስጄ ሰጠኋቸው። ይመር ይህን ሥራ ሲጀምር ደስ አላላቸውም ነበር፤ ግን አንድ ቀንም ተው ብለውት አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው አንድ ገጽ ሙሉ ሳይደናቀፉ አነበቡልኝ።

«ምን ይላል አባባ?»

«ቃሉን አነበብሁልህ። ነገሩ የኔ አይደለም።» መመሪያውን አጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ «ደረሶቼም መጀመሪያ በእንጨት ሎሁ ላይ ፊደሉን ነው የሚይዙት። ትርጉሙ ቆይቶ ይመጣል» አሉኝ።

ስለ ሥራዬ የተናገሩኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በቂ ነበር።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ከደብተሩ አራተኛውን ዜማ መረጥሁ። ቀላሉ እሱ ስለ ነበር ነው። አምስት ድምፅ ብቻ አለው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከኖታው ሥር ግጥሙ ተጽፏል። ከዐረብ አገር ስለምትመለስ እህት ነው፤ በር ላይ ቆመው ይቀበሏታል፣ ሻንጣዋን ይሻሙባታል። ከላይ በይመር እጅ «ፈጠን ብሎ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ዜማውን ለዘሐራ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም ደስ ይለኛል። ዘሐራ የቡድኑ ዋና ዘፋኝ ናት። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ዝቅ ብላ ነው የምትዘፍነው። መጀመሪያ ቀን አንዱን ስንኝ አምስት ጊዜ ተደናቅፌ ስጨርስ ወገቧን ይዛ አየችኝ።

«አንተ ሰይድ፣ ይቺ ልጅ ከጂዳ በእግሯ ነው እንዴ የምትመጣው?»

ቡድኑ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ልጅቱ በአውሮፕላን መጣች። ምቱን ኪቦርዱ ራሱ ይመታል፤ እኔ በቀኝ እጄ ዜማውን፣ በግራዬ አጃቢውን እይዛለሁ። ጋሽ ሙላት ከበሩ ሆነው ሰሙና «እዚሁ ቢያልቅ አልፈሃል። ግን ከላላን ልይ» አሉ።

ከላላ የደረስነው በጭነት መኪና፣ በገበያ ቀን ነው። መድረኩን ከገበያው ዳር ተከልን፤ ጄኔሬተራችንን ከኋላ አስነሣን። ሰው ከበቅሎው ሳይወርድ ጭምር ቆሞ ያያል። ስለ ክትባት የምናስተምርበት ዘፈን አለ፤ እሱን ተጫወትን፤ ጥሩ ሄደ። ከዚያ ጋሽ ሙላት «አዲስ ዘፈን» ብለው አስተዋወቁና ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ቆመ።

ነዳጅ ተጨመረ፤ መብራቱ ተመለሰ። ሰው መበተን ጀምሮ ነበርና ጋሽ ሙላት በእጃቸው ቶሎ ቶሎ ይሉኛል። ኪቦርዱን ከፍቼ ጀመርሁ። የአንድ ቁጥሯን ቁልፍ አልተጫንሁም።

ዘሐራ የመጀመሪያውን ስንኝ ስትጀምር ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ሞከረች፤ አልደረሰችበትም። ከፊት የቆሙ ጎረምሶች ማሾፍ ጀመሩ። ወደ እኔ ዞራ ማይኩን ከአፏ አራቀች።

«ሰማይ ሰቀልኸው እኮ። አውርደው።»

ቁልፏን ስጫን መስኮቱ ላይ የምትበራው «-3» ያን ጊዜ ነው የገባችኝ። ይመር የዘሐራን ድምፅ ያውቃል። ኪቦርዱ ላይ ከዶ ተነሥቶ ቢመታም፣ መሣሪያው ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥሮ ሦስት ቁልፍ ዝቅ ብሎ እንዲሰማ አድርጎ በአንድ ቁጥር ላይ አስቀምጦታል። እኔ በልማድ የምጫናት ቁልፍ ይህን ነበር የምትሠራው። ሳልጫናት ስቀር ዘፈኑ ዘሐራ ወደማትደርስበት ወጣ።

አሁን ብጫናትስ? ተጫንኋት። ድምፁ አልተለወጠም። ለካ ኪቦርዱ በደንቡ ሳይዘጋ ጄኔሬተሩ በድንገት ሲቆም፣ ይመር ያስቀመጠው ሁሉ ከመሣሪያው ጠፍቶ ነበር። ዝቅ የሚያደርገው ቁልፍ የትኛው እንደ ሆነ አላውቅም።

የማውቀው ማንበብ ብቻ ነበር። ኪቦርዱ የሚመታውን ምት ዘጋሁት። ወረቀቱን እያየሁ እያንዳንዱን ኖታ በሦስት ቁልፍ ዝቅ ማድረግ ጀመርሁ። ዶ የነበረው ላ ላይ ወረደ፤ ሬ ሲ ሆነ፤ ሚ ጥቁር ቁልፍ ላይ ወጣ። ሶል ሚ ሆነ፤ ላ ደግሞ ሌላ ጥቁር። ፕላስተሮቹ ሁሉ ውሸት ሆኑብኝ፤ እነሱን ላለማየት ዓይኔን ከወረቀቱ አልነቀልሁም። ግራ እጄን ጭኔ ላይ አኖርሁት። በአንድ እጅ፣ ቁልፍ በቁልፍ፣ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ሄድሁ።

ዘሐራ ትንሽ አዳመጠችና ገባች። የድምፁ ቁመት ልክ ነበር። እኔ ቀጣዩን ኖታ እስክቆጥር እሷ ያለችበትን ቃል ይዛ ትጠብቀኛለች። ፈጠን ብሎ የተጻፈው ዘፈን እንደ እንጉርጉሮ ሆነ። ከላላ ውስጥ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ጎረምሶቹ ማሾፋቸውን ተዉ። አንዲት እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስታደርግ አየሁ። ጨርሰን ማንም አላጨበጨበም፤ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ «አላህ ይመልሳቸው» አለ፤ ሰዉ «አሚን» አለ።

ጋሽ ሙላት መኪናው ላይ ስንጫን አጠገቤ መጡ። «ለደሴው ሰው አትምጣ እለዋለሁ። ዘፈኑን ግን እንዲሁ ቀስ አድርገህ ነው የምትይዘው፤ እንዳታፈጥነው።»

ሥራውን ያገኘሁት እንዲህ ነው። መካነ ሰላም ስገባ ኪቦርዱን ይዤ በቀጥታ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄድሁ። ፕላስተሮቹን መንገድ ላይ እንዳነሣኋቸው አስቀድሜ ነገርኋቸው። ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ አብረን ፈልገን አገኘነው። ከዚያ ዘፈኑን ከላላ እንደ ተጫወትሁት አሰማኋቸው። መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ያምራል። የይመር ግን አይደለም።»

«ኖታው አንድ ነው እኮ ጋሼ።»

«ከላይ ምን ይላል? ልጅቱን ሊቀበላት ነው የጻፈው። አንተ አለቀስህላት።»

ያ ዘፈን በከላላው አኳኋን ወረኢሉም ማሻም ሄደ፤ ሰው እየጠራ ያዘፍነን ጀመር። «የይመር ዘፈን» ይሉታል። እኔ በሰማሁ ቁጥር ይከብደኝ ነበር። ወንድሜ ሳቂታ ሰው ነበር። እዚያ ዘፈን ውስጥ የሚሰማው የእኔ ሐዘንና የእኔ የጣት ድክመት ነው፤ ስሙ ግን የእሱ ነው።

ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ዘፈኑን እንደ ተጻፈ መለማመድ ያዝሁ። በሁለት እጅ፣ በፍጥነቱ። የቀሩትን ስምንቱንም አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ጣቴ የደረሰው በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ነው። ጋሽ ሙላትን አስፈቅጄ መካነ ሰላም መድረክ ላይ ዘፈኑን በቀስታ ጀመርነው፤ ከመሀል ለዘሐራ ምልክት ሰጠኋትና በይመር ፍጥነት ገባንበት። ሕዝቡ መጀመሪያ ግር አለው፤ ከዚያ ተነሥቶ እስክስታ ወረደ። ጦይባ በፈቃድ መጥታ ነበር፤ ከእናታችን ጋር ፊት ተቀምጣ አየኋት። ትስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንጫወተው። ደብተሩ ላይ ከይመር ጽሑፍ በላይ «መጀመሪያ ቀስ ብሎ» ብዬ በራሴ እጅ ጨምሬ፣ ስሜን አጠገቡ ጻፍሁ፤ የማን እንደ ሆነ እንዲለይ። አሥራ አንዱም ዜማ ዛሬ የቡድኑ ናቸው።

ኖታ ለሚጀምር ሰው የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ የተጻፈውን እንደ ተጻፈ መጫወት ቻል፤ የራስህን ከዚያ በኋላ ጨምር። እኔ ገልብጬ ጀመርሁት። ለማቃናት ከዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።