ሁለት ጊዜ አይ፣ ከዚያ እሺ

ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን በሚኖረው አጎቴ ሳሎን ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥኖች አሉ። አንዱ ቀጭን ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዜናና ኳስ ይታይበታል። ሌላው ወፍራም ነው፤ ጀርባው እንደ ሻንጣ ወደ ኋላ ወጥቷል፤ የሚበራውም ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። እናቴ ከጄኔቭ በመጣን ቁጥር «ይሄን ነገር ዛሬም አልጣልከውም?» ትለዋለች። እሱም በመጣን ቁጥር «ከጣልኩ ከአንቺ ነው የምጀምረው» ይላታል። ታላቅ ወንድሟ ስለሆነ እየሳቀች ታልፈዋለች።

ጨዋታው እኔ ሳልወለድ የተሠራ ነው። አጎቴ ስዊዘርላንድ በገባ ሰሞን ብሮኪ ከሚሉት የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ከነማጫወቻው አገኘው። አንድ ክብ ጭንቅላት ያለው ትንሽ ሰውዬ ጀርባው ላይ በር ተሸክሞ ይዞራል። የምር በር ነው፣ እጀታ ያለው። ከመንደር መንደር ይሄዳል፣ ያንኳኳል፣ ይገባል፣ የቤቱ ሰው ምግብ ያቀርብለታል። አንዱን ቁልፍ ከተጫናችሁ ሰውዬው እሺ ይላል፤ ሌላውን ከተጫናችሁ አይ ይላል። በቃ ይኸው ነው። ሰዎቹ ሲያወሩ እንደ ወፍ ይንጫጫሉ እንጂ አንድም የሚነበብ ቃል የለም። አጎቴ የወደደውም ለዚህ ነበር። «ያን ጊዜ በዚህ አገር ጀርመንኛ ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው» ይላል።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጬ ሲጫወት አይቻለሁ። አይቻለሁ ስል ስልኬን አይቻለሁ ማለቴ ነው።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ የምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ፈቃድ ስላልሰጣት ብቻዬን ወደ አጎቴ ተላክሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ከመጋዘን ሥራው ተመልሶ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ፣ ለጨዋታ ብዬ የጨዋታውን ስም ስልኬ ላይ ፈለግሁ። የድሮ ጨዋታዎችን የሚወዱ ሰዎች አስተያየት የሚጽፉበት ገጽ አገኘሁ። ለታወቁት ጨዋታዎች የተጻፈው ተነቦ አያልቅም። የእኛው ግን የአንድ እጅ ጣት የማይሞላ አስተያየት ነበረው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ።

«ጋሼ፣ ስለ ሰውዬህ የተጻፈ አለ። ላንብብልህ?»

«ስለ ማን?»

«ስለ በሩ ሰውዬ።»

ተነስቶ ተቀመጠ። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። አንዱ «ሰውዬው በር ተሸክሞ ይዞራል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስልም» ይላል። ሌላው «ሙዚቃው ማንኪያ ከደረጃ ላይ ሲንከባለል የተቀዳ ነው» ብሏል። በዚህ አጎቴ ከልቡ ሳቀ፤ እውነትም ማንኪያ ነው አለ። አንዲት ሴት «ሰውዬው ያሳዝነኛል፤ ጨዋታው ግን ባዶ ነው» ብላለች። የመጨረሻው «ለኑድል ውሃ ጥጄ ጀመርኩት፤ ውሃው ሳይፈላ ጨረስኩት» ይላል።

አጎቴ መሳቁን አቆመ።

«ጨረስኩት ነው ያለው?»

«ሁሉም ጨረስነው ነው የሚሉት። አጭር ነው ይላሉ።»

«ምኑ ነው አጭር? እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ቤቶች ገና አልደረስኩም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ቤት ይገባል፣ ይበላል፣ ያስወጡታል፣ ያልቃል ይላሉ።»

«ጓዳ አልገቡም?»

«የምን ጓዳ?»

የአባቷን ስም የማታውቅ ልጅ እንዳገኘ ሰው አየኝና ወፍራሙን ቴሌቪዥን አበራው። ሰውዬው አንኳኳ፤ አፍንጫዋ ረጅም የሆነ ሴትዮ ከፈተችለት፤ ሾርባ አቀረበችለት። አጎቴ «አይ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ።

«ለምን አይ አልክ?»

«አሁን እኮ ነው የገባሁት። ጫማዬን ሳላወልቅ ልብላ?»

ሴትዮዋ ተንጫጫችና እንደገና አቀረበች። እንደገና አይ። ሦስተኛ ጊዜ ጠረጴዛውን በእጇ መታ መታ አደረገችው፤ ያኔ አጎቴ በረጅሙ ተንፍሶ «እሺ እንግዲህ፣ ካልሽ» ብሎ ተጫነ። ሰውዬው ሲጨርስ ሴትዮዋ እጁን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችው። ጓዳው በር የለውም። አንድ ሽማግሌ አልጋ ላይ በነፋስ ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው በሩን ከጀርባው አወረደና ገጠመው፤ ልኩ ነው። ነፋሱ ቆመ። የማንኪያው ሙዚቃ ቀረና ሌላ፣ የሚያምር ነገር መጣ። ጠዋት ሲወጣ ደጁ ላይ ሌላ በር ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቀዋል፤ ያን ተሸክሞ መንገዱን ይቀጥላል።

«እነሱ በመጀመሪያው እሺ ይላሉ ማለት ነው?» አለ አጎቴ። «ልክ እንደቀረበ?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያ ጓዳ ማን ያስገባቸዋል።»

አየት አደረገኝና «ጻፊላቸው» አለ።

እዚህ አገር እንደኛ ባለ ቤት ውስጥ የአዋቂዎች ጸሐፊ ልጅ ነው። ከኮሚዩን፣ ማለትም ከቀበሌው፣ የሚመጣ ወረቀት፣ ሐኪም ቤት፣ የኢንሹራንስ ስልክ፣ ሁሉም በእኔ በኩል ያልፋል። እናቴ ገና ትንሽ ሆኜ አንድ ሕግ አውጥታልኛለች፤ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ። ያን ሕግ አክብሬ ኖሬያለሁ። አስተማሪዬ «ክፍል ውስጥ አፏን አትዘጋም» ብላ ስትናገር እንኳ ለእናቴ እንዳለ ነው የተረጎምኩት፤ ቅጣቱንም እንዳለ ነው የተቀበልኩት።

አጎቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሳሎኑ ውስጥ እየተመላለሰ አስጻፈኝ። መጀመሪያ የሠሩትን ሰዎች አመሰገነ። ከዚያ እንዲህ አለ። «የመጀመሪያውን እምቢ የምንለው ድንገት ስለመጣን ነው። ድስቱ ውስጥ ያለው ለማን እንደተቀመጠ አናውቅም። ሁለተኛውን እምቢ የምንለው ፊታቸውን ለማየት ነው፤ በአፍ ነው የሚሉት ወይስ ከልብ? በሦስተኛው እንበላለን፤ ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ንቀት ነው።» ቆም አለ። መስኮቱ ሥር ባቡር አለፈ። «እዚህ አገር ስመጣ አንዴ ብቻ እንደሚጠየቅ አላውቅም ነበር በያቸው። የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ጋበዘኝ። አይ፣ አመሰግናለሁ አልኩ። እሺ ብሎ ሰሃኑን አነሳው። ርቦኝ ነበር። ስንት ቤት እንደዚያ ሆኜ ተመለስኩ። በዚህ አገር ሦስተኛ ጊዜ የጠየቀኝ ይሄ ጨዋታ ብቻ ነው። ይሄንንም ጻፊ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ፤ ጣቶቼም ይሮጡ ነበር።

ግን የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ረጅም መሰለኝ። ያ ዓመት መጻፍ መቻሌን ገና ያወቅሁበት ጊዜ ነበር፤ የፈረንሳይኛ አስተማሪዬ ጥሩ ጸሐፊ ቆራጭ ነው ብላን ነበርና እኔም ቆረጥኩ። ምስጋናውን ቆረጥኩ። ድስቱን ቆረጥኩ። የሥራ ባልደረባውን ቆረጥኩ። የቀረው «ምግቡን ሁለት ጊዜ አይ በሉ፣ ከዚያ እሺ። የተደበቀ ክፍል ይከፈታል» የሚል ብቻ ነበር። በጣም ያምር ነበር፤ ላክሁት።

ገጹ ላይ ያልነበሩ ሰዎች ሁሉ መጡ። «ሠራ!» «እኔም ጋ ሠራ።» አንዱ ሰዓት እየያዘ አይ አይ እሺ፣ አይ አይ እሺ እያለ ቤቶቹን ሲያዳርስ በቪዲዮ ቀርጾ ለጠፈ፤ ሽማግሌውን እንቅልፍ ሳይወስደው የበሩ ሰውዬ ይወጣል። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ እንዴት አገኘሽው?» ሲሉኝ «እንዲሁ ሞክሬ» ብዬ መለስኩ። እንዲሁ ሞክሬ። ይህችን ቃል ጄኔቭ ወዳለው ሰፈራችን ወደ ላንሲ ተመልሼ ትራም ላይ ሳነባት ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ አጎቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደወለ።

«ምን አሉ?»

«ወደዱት ጋሼ። ጓዳውን አገኙት።»

«ጓዳውንስ ያገኙታል። ምክንያቱ ገባቸው ወይ?»

«ገብቷቸዋል» አልኩ።

«ማን ምን አለ እስቲ?»

እንግዲህ ምን ላንብብለት? «ሠራ» ብዬ? ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ መፍጠር ጀመርኩ። አንዲት ሴት «ድስቱ ለማን እንደተቀመጠ አስቤ አላውቅም ነበር» አለች አልኩት። ኖርዌይ የሚኖር አንድ ሰው ደግሞ «እናቴም እንደ እርስዎ ነበረች፤ ሰው ቤት እምቢ እያለች ርቧት ትመለስና ወጥ ቤት ቆማ ዳቦ ትበላ ነበር» አለ አልኩት። የሚያሳፍረኝ መዋሸቴ ብቻ አይደለም። ደስ ይለኝ ነበር። ሁልጊዜ አማርኛ ሳወራ መሃል ላይ ፈረንሳይኛ ይገባብኛል፤ ያን ቀን ግን አንዲት ቃል አልገባችም። የኖርዌዩ ሰውዬ እናት የቆመችበት ወጥ ቤት ወለሉ ሳይቀር ታየኝ።

አጎቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቱ በሕይወት አለች?»

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። ልገድላት ፈራሁ።

«አለች» አልኩ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ የሚጠይቀኝ ስለ ኖርዌዩ ሰውዬ ሆነ። ምን ጻፈ? ከወንዙ ማዶ ደረሰ? እኔም አደርሰው ነበር። አንድ እሑድ ግን «ያዢ፣ መልስ አስጽፍሻለሁ» አለኝ። «ወንድሜ፣ ወደ ዙሪክ ብቅ ካልክ ቤቴ በባቡር ቅርብ ነው። እናትህንም ይዘህ ና። የፈለግኸውን ያህል እምቢ በል፤ እኔ መጠየቅ አይታክተኝም።»

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

ያን ሰሞን እናቴ ገበታ ላይ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ምንም» እላለሁ። የሌለ ሰው ተጋብዞ ነበር። ያለው ሰው ደግሞ፣ አጎቴ፣ ያ ሁሉ ዓለም የሰማው እየመሰለው በየጠዋቱ መጋዘኑ ይገባ ነበር።

የበልግ እረፍት ሲደርስ ወደ ዙሪክ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርኩና የቆረጥኩትን ሁሉ መልሼ ጻፍኩ። ምስጋናውን፣ ድስቱን፣ ሰሃኑን ያነሳውን ሰው፣ «ርቦኝ ነበር» የምትለዋን። የባቡሩ ድምፅ ማጉያ ከፈረንሳይኛ ወደ ጀርመንኛ ሲዞር እኔ ሦስተኛው ግብዣ ላይ ነበርኩ። አናቱ ላይ «ይህ የአጎቴ አስተያየት ነው። ጓዳውን ያገኘው እሱ ነው። ባለፈው ቆርጬው ነበር» ብዬ ጨመርኩና ዙሪክ ሳንገባ ላክሁት።

አጎቴ ቤት ስደርስ ፓስታ በበርበሬ ሠርቶ ጠበቀኝ። ገና ሳልቀመጥ ስልኬ ጮኸ።

«ከእነሱ ነው?» አለ።

ሁለት መልስ ነበር። አንዱ «በጣም ረጅም ነው፣ አላነበብኩትም» ይላል። እንዳለ ነገርኩት። ቅንድቡን ብቻ ከፍ አደረገ። ሁለተኛው ያቺ በመጀመሪያ ሰውዬው ያሳዝነኛል ያለችው ሴት ነበረች። «ተመልሼ ገባሁ፤ በቀስታ እምቢ አልኩ» ትላለች። «አንድ ጥያቄ አለኝ ለአጎትሽ። ሰዎቹ ሁለተኛ ጊዜ ባይጠይቁስ?»

ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ አነበብኩለት።

አጎቴ አገጩን አሻሸ።

«ይቺኛዋ ሌላ ናት» አለ።

«እንዴት ጋሼ?»

«እነዚያ በስልክ ያነበብሽልኝ ሁሉ ያንቺን አማርኛ ነበር የሚናገሩት። ይቺ እንኳ ትጠይቃለች።»

ጆሮዬ ጋለ። ወፍራሙን ቴሌቪዥን አየሁት፤ ጠፍቶ ነበር፤ ሁለታችንም ጎብጠን እንታይበታለን።

«ሁለተኛ ካልጠየቁ... እኔ እንጃ» አለ አጎቴ። «እኔ ቤቴ ሄጄ ዳቦ በልቻለሁ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊላት።»

ጻፍኩላት። እሱ ሰሃኑን ወደኔ ገፋ አደረገው።

«ብዪ።»

«አይ ጋሼ፣ ባቡር ላይ በልቻለሁ።»

«ትንሽ ቅመሽ።»

«አይ።»

የወግ እምቢታ አልነበረም፤ ውሸቴን አውቆ ሳለ ከእጁ መብላት አፍሬ ነው። አጎቴ የራሱን በላና ሰሃኑን ይዞ ተነሳ። የቧንቧው ውሃ ሲፈስ እሰማለሁ። የኔው ፓስታ ፊቴ ላይ እየቀዘቀዘ ነው። በቃ እሱም የዚህን አገር ወግ ለመደ ማለት ነው፤ ደግሞም የሚገባኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ውሃው ቆመ።

«ሦስተኛዬ ነው» አለ ከወጥ ቤት ሳይወጣ። «ብዪ አልኩሽ።»

ሹካውን አነሳሁ። ቀዝቅዞም ጣፋጭ ነበር፤ ጨረስኩት። እጁን እየጠረገ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ፤ ቁልፎቹ ያሉበትን መጫወቻ አንስቶ እኔ እጅ ላይ አስቀመጠው።

«ለዚያ ለኖርዌዩ ሰውዬ ጻፊለት» አለኝ፣ ዓይኑን ከኔ ሳያነሳ። «ግብዣው እንዳለ ነው። እናቱንም ሰላም በይልኝ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ሰላምታውን ይዤ ነው ወደ ጄኔቭ የተመለስኩት። እስካሁንም እኔ ጋ ነው።