የሙሆንጎ አስቀያሚ ማሰሮ

ሙሆንጎን በሩቁ የሚያውቃት ሁሉ «ኩሩ ናት» ይላታል። በቅርብ የማውቃት እኔ ልንገራችሁ፤ ከሚሉትም ትብሳለች! ማሰሮ ሠርታ ስትጨርስ በጥፍሯ መታ ታደርገውና፣ ድምፁን ሌላ ሰው ሰምቶላት እንደሆነ ዞር ዞር ብላ ታያለች።

እኛ ተራራው ላይ ያለነው ሁላችንም ከፖርቱጋሎቹ የሸንኮራ እርሻ የኮበለልን ነን። እሷ ከእመቤቷ ከዶና ኢናሲያ ግቢ አምልጣ ስትመጣ እህቷ ካሴሳ እዚያው ቀረችባት። ሊጠፉ በተነሱበት ቀን የካሴሳ ቁርጭምጭሚት ወልቆ ነበር። ሙሆንጎ ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰች። በአራተኛው ቀን ተነሳችና «የሸክላ አፈር የት ነው የምታወጡት?» አለችን።

መንደራችን ካሳቫው ሞልቷል፣ ሙዙ ሞልቷል፣ ወሬውማ አይጠየቅም። የሌለን ጨው ነው። ስለዚህ ማሰሮዋን ተሸክሜ ከተማ እወርዳለሁ። ገበያው የጌታውን ዕቃ በሚሸጥ ባሪያ የተሞላ ነው፤ አንድ ቢጨመር ማን ልብ ይላል? ሸጬ ጨው ይዤ ስመለስ ሙሆንጎ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፤ «ካሴሳን አየሃት?»

«መልኳን የት አውቄ!» እላለሁ። አንጀቴን ትበላዋለች።

አንድ ቅዳሜ ዶና ኢናሲያ ራሷ ከፊቴ ቆማ ማሰሮዬን አገላበጠች።

«ማን ነው የሠራው?»

«አንዲት አሮጊት ናት፣ እሜቴ።»

«ውሸታም! የጠፋችው የኔ ሸክላ ሠሪ እጅ ነው!» ብላ ጮኸች። ሎሌዋ እስኪደርስ ማን ቆሞ ይጠብቃል? ዕቃዬን ጥዬ እግሬ አውጪኝ!

ሽማግሌያችን አባ ንዳላ ጉዳዩን ሰምተው «አመል ያወጣል ከመሐል» አሉ። «እጇ ያስይዘናል። ከዛሬ ጀምሮ ሸክላዋን ትተው።»

«ጨውስ፣ አባ?» አልኳቸው። ባዶውን የጨው ዕቃ አየት አደረጉ። «እንግዲያው አስቀያሚ ትሥራ!» አልኩ።

ሙሆንጎ እናቷን የሰደብኩባት ያህል አፈጠጠችብኝ። «እኔ? አስቀያሚ?»

መሥራቱንስ ሞከረች። የመጀመሪያውን ስታሳየኝ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስገለፍጥሃል? ጠማማ ነው እኮ!»

«ይሄ ጠማማ ከሆነ ለሙሽራ ስጦታ የሚሰጠው የቱ ነው? በግራ እጅሽ ሥሪው!»

እንዲህ ብዬ፣ ድስት እንኳ ጥጄ የማላውቀው ሰውዬ፣ የሙሆንጎ መምህር ሆንኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንገቱ የዘመመ፣ ከንፈሩ ንብ የነደፈው የመሰለ ማሰሮ ወጣላት። እሷ በንዴት አለቀሰች፣ እኔ በደስታ ጨፈርኩ፤ የያዘችውን ጭቃ ፊቴ ላይ ለጠፈችልኝ።

ጢሜን ተላጭቼ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ በሌላ በኩል ገበያ ገባሁ። ሰው ማሰሮዎቹን እያየ ይስቃል፤ ግን ርካሽ ናቸውና ይገዛል። አንዲት ሴት መጥታ ጎንበስ አለች። እሷ አልሳቀችም። እጇን አንዱ ውስጥ ከታ ግድግዳውን ዳሰሰችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ውጪው ያሳፍራል» አለች በሹክሹክታ። «ውስጡ ግን ልስልስ ነው። እህቴ ውስጡን ማበላሸት አቃታት፣ አይደል?»

«ካሴሳ?» አልኳት።

«አዎ። ወደ እሷ ውሰደኝ!»

ጨው ምን ትዝ ይለኛል! በዚያው ተራራውን ተያያዝነው።

ሙሆንጎ ጭቃ ስታቦካ ደረስን። ካሴሳ ከገበያው ይዛ የመጣችውን ማሰሮ ከፍ አድርጋ «ይሄ ምን የሚሉት ጉድ ነው?» ብላ ተቆጣቻት።

«እሱ ነው ያስተማረኝ!» ብላ ጣቷን ወደኔ ቀሰረች። በነጭቃዋ ተጠመጠመችባት።

«እንዴት አገኘሽኝ?» አለቻት ሙሆንጎ፣ ሳትለቃት።

«እሜቴ ያን ቀን ገበያ ላይ ‹የሸክላ ሠሪዬ እጅ ነው› ብላ ስትጮህ ሰምቼ በሕይወት መኖርሽን አወቅሁ» አለች ካሴሳ። «ከዚያ ወዲህ እዚያ ገበያ እጄን ያልከተትኩበት ማሰሮ የለም።»