መላ ያጣ የመሰለኝ ጎረቤት

ኦስሎ የመጣሁት ልጄን ዓለሚቱን ልጠይቅ ነው። ሁለት ወር ሆነኝ። ከጽዳት ሥራዋ ተመልሳ አብስላ ታቀርብልኛለች፤ እኔም በልቼ ዝም እላለሁ። ብዙ መናገር አልወድም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዓለሚቱ ዕቃ ስታጥብ፣ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ወንድ «እ መላ! እ መላ!» ሲል ሰማሁ። ጊታርም አብሮት ይሰማል። ጭንቁን በዜማ የሚያወጣ ሰው መሰለኝ። ጥቂት ታገስኩ። አሁንም መላ ይላል። ሰው መላ አጥቶ ሲጣራ እንዴት ዝም ይባላል ብዬ ተነሣሁ።

«አባዬ፣ ወዴት ነው? እዚህ አገር ሳይደውሉ የሰው በር አይንኳኳም!» እያለች ልጄ በእርጥብ እጇ ተከተለችኝ።

አንኳኳሁ። አንድ ረጅም ናይጄሪያዊ ከፈተልን።

«ምን ቸግሮህ ነው በይልኝ» አልኳት። ተረጎመችለት።

ሰውየው ሳቀ። ኢግቦ የሚባል ብሔር ተወላጅ ነው፤ የከፈተው ዘፈንም ሃይላይፍ የሚሉት የአገሩ ሙዚቃ ነው። «ኢሜላ» በቋንቋቸው ምስጋና ነው አለ። ዘፋኙ እናቱንም፣ ጎረቤቱንም፣ የደገፈውን ሁሉ በየስሙ እየጠራ ነው የሚያመሰግነው።

«እኔ ደህና ነኝ። ግን ስለጠየቁኝ ኢሜላ» አለኝ በሁለት እጁ እጄን ይዞ። «በእናንተስ ምን ይባላል?»

አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ዓለሚቱ መተርጎሙን ትታ አፈጠጠችብኝ።

«አባዬ፣ ይህን ቃል ያውቁታል እንዴ?»