የዛልቶር ልቅሶ

ሀብትነሽ ቡሬ ላይ ጠላ ቤት የከፈተችው ከአዲስ አበባ በተመለሰች በዓመቱ ነው። የተወለደችው ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከገበሬ ቤት ነው። በልጅነቷ ተዳረች፤ ባሏ በወባ ሲሞትባት አዲስ አበባ ገብታ በአንድ ሹም ቤት ወጥ ቤት ሆና ኖረች። ሹሙ ወደ ሩቅ አገር ሲዛወር ተከትላው አልሄደችም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ሴት ነበረች። ጠላዋ ክፉ አልነበረም፤ ከእሷ የተሻለ የሚጠምቁ ግን ሞልተው ነበር። ሰው ወደ እሷ ቤት የሚመጣው ለወሬዋ ነው።

በሹሙ ቤት ቴሌቪዥን ነበር። ሠራተኞች ሥራቸውን ሲጨርሱ በር ላይ ቆመው እንዲያዩ ይፈቀድላቸዋል። በየሳምንቱ የሚቀጥል አንድ የፈረንጅ ፊልም ነበር። ቋንቋው ለሀብትነሽ አይገባትም፤ የሹሙ ልጅ ደስ ባላት ቀን ታስረዳታለች፤ ያላስረዳቻትን ሀብትነሽ ራሷ ትሞላዋለች። ታሪኩ በሌላ ዓለም ነው፤ ሁለት ጨረቃ ባለበት አገር። በብረት መርከብ ከሰማይ የወረዱ ገዢዎች ሕዝቡ የሚተነፍሰውን አየር እየለኩ ግብር ያስከፍላሉ። ዛልቶር የሚባል ሰው አልከፍልም ብሎ ዋሻ ገባ፤ ብዙዎችም ተከተሉት።

"አየር ይለካል?" አሉ አያ አድማሴ፣ ታሪኩን መጀመሪያ የሰሙ ዕለት። ከከተማው ዳር የሚያርሱ፣ አገር የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው።

"ይለካል፣ አያ።"

"በምን? በቁና?"

"እንደ ደወል ያለ ነገር አፋቸው ላይ ይደፉባቸዋል።"

"ጉድ በል ጎጃም! እኛ መሬታችን ሊለካ ነው ብለን እንጮሃለን፤ እነዚያ ጉሮሯቸውን ተለኩ!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ዛልቶር የት ደረሰ ሳይል የሚቀመጥ አልነበረም። ሀብትነሽ ግን አንድ ነገር ደብቃ ነበር። ሹሙ የተዛወረው ፊልሙ ሳያልቅ ስለሆነ መጨረሻውን አላየችውም።

በ፲፱፻፷ ዓመተ ምሕረት ሳቁ ጠፋ። አዲሱ የእርሻ ግብር ታወጀ፤ ገማቾች በየአጥቢያው ወጡ፤ ከግምቱ በኋላ ርስቱ ሁሉ በቀላድ ይለካል የሚል ወሬ ተነዛ። በየገጠሩ ገበሬው አልከፍልም እያለ መሣሪያውን አነሣ። ከተማ ውስጥ ሰው ሰውን ማየት የጀመረው ከእጁ ነው፤ ከማን ጋር እንደተጨባበጠ፣ ወዴት እንዳመለከተ።

በዚያ ሰሞን ታከለ የሚባል እንግዳ ሀብትነሽ ቤት መግባት ጀመረ። ከዳንግላ የመጣሁ የቆዳ ነጋዴ ነኝ ይላል። ቆዳ ቆዳ ግን አይሸትም። ጠላውን ፉት እያለ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ አይጠይቅም፤ ሰው ሲስቅ ይስቃል፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ።

"ጆሮ ነው" አለ ክንዱ፣ ሀብትነሽ ስትቀዳለት ዝቅ ብሎ። ክንዱ ተረበኛ ወጣት ገበሬ ነው። "ያ ሰውዬ ቆዳ የሚገዛ ከሆነ የኛን ነው።"

ታከለ ሲገባ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ሌላው ዓለም ማውራት ቀረ። ስለ አየር ግብርማ ጨርሶ አይነሣም። ሰዎቹ ግን የዛልቶርን ነገር ሳይሰሙ መሄድ አልቻሉም። ስለዚህ እንደ ቅርብ ዘመድ እየጠሩት "ዛልቶር ደኅና ነው?" ይላሉ። ሀብትነሽም "ደኅና ነው፤ ዋሻ ለወጠ" ትላለች። ታሪኩን ከመጀመሪያ ያልሰማው ታከለ ጠላውን ፉት ይላል።

ሰኔ ሲገባ ፈጣም ወንዝ አጠገብ የሰፈሩት ገማቾች ድንኳን ተቃጠለ። ከፍኖተ ሰላም በኩል አንድ ሻምበል ወታደሮቹን አስከትሎ መጣና አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ከተጠራ አጥፊው እስኪወጣ ሕዝቡ ከሜዳ አይነሣም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ምለው ፈንጠር ብለው ይቀመጣሉ፤ ሰው ተራ በተራ ቀርቦ ያወቀውን በጆሯቸው ያንሾካሹካል። ሽማግሌዎቹም የነገራቸውን ሰው አይገልጡም፤ "ወፍ ነገረን" ብለው የአጥፊውን ስም ብቻ ያወጣሉ።

ዝናቡ ጥሏል፤ ማሳው ዘር ይጠብቃል፤ በሬዎቹ ያለ ሥራ ቆመዋል። ሰው ግን ሜዳ ላይ እየበሰበሰ ዋለ፣ አደረ። ድንኳኑን ማን እንዳቃጠለ የሚያውቅ ነበረ፤ የሚናገር ግን አልነበረም። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ አንድ ወፍ ለሽማግሌዎቹ "ዛልቶር" አለ። ቀጥሎ የመጣውም "ዛልቶር" አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበሩት አያ አድማሴ ፊታቸውን እንደ ድንጋይ አደረጉና ለሻምበሉ ተናገሩ።

"ዛልቶር የሚባል ሽፍታ ነው ይላል ወፉ።"

"ምን ዓይነት ስም ነው?"

"እኛም ገርሞናል፣ ጌታዬ። ከዓባይ ማዶ የተሻገረ ነው መሰል።"

"መልኩስ?"

"አንድ ዓይኑ የለም ይላሉ።"

ሀብትነሽ ሴቶቹ መካከል ቆማ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። በፊልሙ ውስጥ ዛልቶር ሁለት ደኅና ዓይን ነበረው። አንዱን ዓይን ያጠፋችው እሷ ናት፤ አንድ ቀን ታሪኩ ሲያጥርባት።

ሻምበሉ አመነ። ያን ስም ቀድሞ ሰምቶታል፤ ከማን እንደሰማው መላው ቡሬ ገመተ። ሕዝቡ ወደ ማሳው ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን የበግ ነጋዴው ዘሩ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ተያዘ። ዘሩ የቡሬ ሰው ነው፤ ግራ ዓይኑን በልጅነቱ ፈንጣጣ አጥፍቶበታል። "ሌላው ስምህ ዛልቶር ነው" ብለው አሰሩት። ይሰቀላል ተባለ።

ሚስቱ አቻምየለሽ ወደ ሀብትነሽ ቤት ስትመጣ አልጮኸችም። በሩ ላይ ቆመች።

"እትዬ ሀብትነሽ፣ እኔ ታሪክሽን አንድ ቀን ተቀምጬ አልሰማሁም። ሥራ ነበረብኝ።"

"ግቢ እንጂ።"

"አልገባም። ያን ዓይን ከባሌ ላይ አንሺልኝ።"

ሀብትነሽ ያን ቀን ጠላ አልቀዳችም። ሁሉም ተረት ነው ብላ ሻምበሉ ዘንድ ብትሄድ ሽማግሌዎቹ በሐሰት ምለዋል ይባላሉ፤ ሕዝቡም ተመልሶ ሜዳ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የእውነተኛ ሰው ስም ይወጣል። ዝም ብትል ዘሩ ይሞታል።

በገበያው ቀን ቤቱ እንደ ወትሮው ሞላ። ታከለም ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ክንዱ እንደ ልማዱ ጠየቀ።

"እህስ፣ ዛልቶር ደኅና ነው?"

"ሞተ" አለች ሀብትነሽ።

ክንዱ ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሞተ አልኩህ። ዓባይን ሲሻገር የወንዙ ሙላት ወሰደው።"

"ማን አየ?" አለ ታከለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ያን ቀን መስማታቸው ነው። ሁሉም ዞሮ አየው። እሱም መናገሩን ራሱ ያልጠበቀ መሰለ።

አያ አድማሴ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

"የእህል ነጋዴዎች አይተዋል። ከነመሣሪያው ነው የሄደው።"

"ፈረሱ ባዶውን ወጣ አሉ" አለ ሌላው ከጥግ።

"ዘመዱ ማን ነው ታዲያ?" አለ ታከለ። "ሰው ሲሞት የሚያለቅስለት ዘመድ አለው።"

የሽፍታ ዘመድ መሆን ምን እንደሚያስከትል ማንም ያውቃል።

"እኔ ነኝ" አለች ሀብትነሽ። "የአባቴ ልጅ ነው። ነገ ልቅሶ እቀመጣለሁ፤ አንተም ድረስ።"

ታከለ ሲወጣ ክንዱ ፊቱ ገርጥቶ "እብድ ነሽ?" አላት። "ላልተወለደ ሰው ይለቀሳል? ሟርት ነው!"

"ሟርት ስለሆነ ነው የሚያምኑን፤ በሐሰት የሚደፍረው የለም" አለች።

አያ አድማሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቄሶቹስ? ለፍትሐት የክርስትና ስሙን ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?"

"ሽፍታ ነው፣ ንስሐ አልገባም በሏቸው።"

አስከሬን ሲጠፋ እንደሚደረገው፣ በማግሥቱ ከቤቷ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ካባ ተዘረጋ፤ አንድ ፈረስ ተጭኖ ባዶውን በሕዝቡ መካከል ተሳበ። ሰዎቹ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው አይተያዩም ነበር፤ ሳቅ እንዳያመልጣቸው ፈርተው። ከዚያ አልቃሿ ተነሣች።

ቤትህ ወዴት ነበር፣ አገርህ ወዴት ነው፣
ያላየነው ጀግና፣ የሚያስለቅስ ምነው።

ሀብትነሽ ደነገጠች፤ ታከለ ከሰው ኋላ ቆሞ ይሰማል። አልቃሿ ግን እውነቷን ታለቅስ ነበር። ወንድሟ ከጸደይ ጀምሮ ጫካ ነው፤ ወሬው የለም። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። በዚያ ዓመት ስሙን ጠርቶ የሚያለቅስለት ሰው የሌለው ቤት አልነበረም፤ ደፍሮ የጠራ ግን አልነበረም። አሁን ሁሉም በአንድ ስም አለቀሱ። አያ አድማሴ ደረታቸውን መቱ። ክንዱ ከፈረሱ አንገት ላይ ግንባሩን ደግፎ ተንሰቀሰቀ። ሀብትነሽም አለቀሰች፤ የዛልቶርን መጨረሻ እሷም ገና መስማቷ ነበር።

ታከለ ሊሄድ ሲል ቀርቦ "እግዜር ያጥናሽ" አላት። ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። ከማልቀስ ይሁን ከጭስ አላወቀችም። ቡሬ ላይ ዳግመኛ አልታየም።

ወታደሮቹ መጡ። የሽፍታ እህት ብለው ጋኖቿን አንድ ሳያስቀሩ ሰበሩ፤ ጠላው በበሩ ወጥቶ መንገድ ላይ ወረደ። እሷን ሻምበሉ ፊት አቁመው ጠየቋት፤ ስታለቅስ ስላገኟት ብዙ አላቆዩአትም። ሽፍታው ዛልቶር ሞተ ተብሎ በገበያ መካከል ተነገረ፤ ወታደሮቹ ናቸው የገደሉት ተባለ። ማንም አልተቃወመም።

ከነሐሴ መጀመሪያ ባንዱ ቀን ዘሩ ተፈታ። ጎረቤቶች ጋን አውሰዋት ሀብትነሽ ጠላ ቤቷን እንደገና ከፍታ ነበር። በገበያው ቀን ዘሩ መጣ፤ ከስቷል፤ በእጁ ቋጠሮ ቅቤ ይዟል፤ አቻምየለሽ የላከችው ነው።

ሲገባ ክንዱ የጀመረውን ጨዋታ አቋረጠ። ከጥግ ያሉት ዋንጫቸውን አዩ። አያ አድማሴ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" አሉት። ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፤ ምን ብሏቸው ነው የለቀቁት?

ዘሩ አንድ ደኅና ዓይኑን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አዞረ። ገባው።

"ምንም አላልኩም" አለ። "ምን አውቃለሁ?"

"ማን ምን አለህ? ተቀመጥ እንጂ" አለች ሀብትነሽ፣ ቅቤውን እየተቀበለች። ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ቦታ። ዋንጫውን ሞልታ ሰጠችው።

"ወንድምሽ ሞተ አሉኝ" አላት ዘሩ በለሆሳስ። "እውነት ወንድምሽ ነበር?"

ለእሱ ስትል ጋኖቿ የተሰበሩባት ሰው ነው የጠየቃት። ሀብትነሽ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ በሩን አየች፤ እጁን አየች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፣

"አዎ" አለችው።