ለንቦቹ ሰላምታ

ዛሬ ጠዋት አባቴ ከመንደራችን ከጋፋት ደወሉ። «አደዩ ረግፏል፤ ማር ልንቆርጥ ነው» አሉኝ። ደጄ ላይ ታካሚዎች ተሰልፈው ሳለ ልቤ ተሰቀለ። የኢሚዩኖሎጂ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ሐኪም ከሆንሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የማር ወር ሲመጣ ግን ያቺው የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ።

ያኔ ከምማርበት ከጎንደር ለቅዳሜና እሑድ መጥቼ ነበር። የገብሱ አጨዳ አልቆ መንገዱ ሁሉ ጭድ ጭድ ይሸታል። አባቴ ቀፎ ከመክፈታቸው በፊት ክንዳቸውን ገልጠው አንዲት ንብ እስክትነድፋቸው ይጠብቃሉ። ካባታቸው የወረሱት ነው፤ «ሰላምታ» ይሉታል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን ከሰላምታው በኋላ ገላቸው ሽፍ ብሎ፣ ከንፈራቸው አብጦ ነበር ያደሩት።

«ሰውነቴ ረስቷቸው ነው» አሉኝ ኩበቱን እያቀጣጠሉ። «ዘንድሮ ሰላምታውን አበዛዋለሁ፤ ይለምዳቸዋል።»

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን የተማርሁት ተቃራኒውን ነበር። ሰውነት አይረሳም። እንዲያውም አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ያስታውሳል።

«አባ፣ ይቅርብዎ። ሰውነትዎ ቂም ይዟል።»

«በንብ?» ብለው ሳቁ። «ገና ሐኪም ሳትሆኚ በሽተኛ አደረግሽኝ!»

ከመምህር አፍ የሰማሁት እንጂ በዓይኔ ያየሁት ስላልነበር አፌን ሞልቼ መከራከር ፈራሁ። እሳቸው እጃቸውን ቀፎው አፍ ላይ አኖሩ፤ ሁለት ሦስት ንቦች ነደፏቸው።

ጢሱ እንኳ በወጉ ሳይነሣ ድምፃቸው ሻከረ። «ጉሮሮዬን» ብለው ተቀመጡ። ታላቅ ወንድሜ አዝሏቸው ወደ መንገዱ ሮጥን። ባሕር ዛፍ የጫነ አይሱዙ ወደ ደብረ ታቦር ሲያልፍ ደረስን፤ ሾፌሩ ፊታቸውን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ በሩን ከፈተልን።

ጋቢናው ውስጥ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ትንፋሻቸው ያፏጫል። ምን እንደሚገድላቸው አውቃለሁ፤ የሚያድናቸውን መድኃኒት ስም አውቃለሁ፤ እጄ ግን ባዶ ነው። ዳገቱ ላይ ፉጨቱ ሲቀጥን «እመብርሃን፣ እንዳይቆም ብቻ» እያልሁ እለምን ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ሆስፒታል ነርሷ ታፋቸው ላይ አድሬናሊን ወጋቻቸው። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሻቸው ተከፈተ። መጀመሪያ የተናገሩት «ቀፎውን ከደናችሁት?» የሚል ነበር። ወንድሜ ሳቀ፤ እኔ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ኢሚዩኖሎጂን ለመማር የወሰንሁት እዚያች አልጋ ጠርዝ ላይ ነው።

ኋላ ስማር የአባቴ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ከንቱ እንዳልነበረ ደረስሁበት። የንቡን መርዝ በጣም አሳንሶ፣ በሐኪም እጅ፣ ቀስ በቀስ እየሰጡ ሰውነትን ማላመድ ይቻላል። ይህን ብነግራቸው ኮርተው ለመንደሩ ሁሉ አወሩት። የማላመጃውን መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ ላገኝላቸው አልቻልሁም። ስለዚህ ቀፎው የወንድሜ ሆነ፤ አድሬናሊኑም ከእሱ አይለይም።

«ሰላምታውስ?» አልኋቸው ዛሬ።

«ከሩቅ እጅ እነሣቸዋለሁ» አሉ።

አምናቸዋለሁ። ቢሆንም በደወሉ ቁጥር፣ ከሚሉኝ ነገር በፊት የማዳምጠው ትንፋሻቸውን ነው።